በተራ ቁጥር

«ይህን ወረቀት ማን ያነበዋል?» ብላ የጠየቀችኝን ልጅ ነገ መንገድ ላይ ባገኛት ምን ብዬ እንደምመልስላት እስካሁን አላውቅም። ያን ዕለት ጠዋት ግን አፌን ሞልቼ ነበር የመለስኩላት። በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ተቀምጣለች፤ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ስባዋለች። ስትጠይቀኝ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። በዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳይነሳ አስተማሪን አይጠይቅምና ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። «እኔ ብቻ ነኝ የማነበው» አልኳት። «ስም አይጻፍበትም። አስተማሪዎቻችሁም ቤተሰቦቻችሁም አያዩትም።» ትንሽ አየችኝ። ከዚያ «እሺ» ብላ ወደ ወረቀቷ አጎነበሰች፤ ደወሉ እስኪደወል ድረስም ቀና አላለችም።

ስልሳ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ለሦስት ሰው በተሠራ ዴስክ አራት አራት ሆነው ተጣበው ተቀምጠዋል። መጠይቁ አራት ገጽ ነው። ትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ካለፈው ሳምንት ወዲህ የገጹን ዋጋ ጨምሮ ስለጠበቀኝ በፊትና በጀርባ አስገልብጬ ሁለት ቅጠል አድርጌዋለሁ። አናቱ ላይ «ተማሪዎች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለሚሰጠው የምክርና የክትትል አገልግሎት ያላቸው አስተያየት» ይላል። ጥያቄዎቹን ያወጡት ባሕር ማዶ ያስተማሩኝ ሰዎች ናቸው፤ ወደ ቋንቋችን የመለስኳቸው ደግሞ እኔ። ብቻዬን ሆኜ ሳነባቸው ደህና ይመስሉኝ ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነባቸው ግን የሰው ጫማ የተጫማሁ ያህል ተሰማኝ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ ተነሳ። «ቲቸር፣ ስድስተኛው ‹በምክር ክፍሉ ውስጥ ሳለህ ደኅንነት ይሰማሃል?› ይላል። ጣሪያውን ነው ወይስ ሰውን?» ክፍሉ በሳቅ አውካካ። «ሁለቱንም» አልኩት። «እንግዲያው ሁለት መስመር አይበቃም» ብሎ ተቀመጠ።

ወረቀቶቹን የሰበሰበችልኝ የክፍሉ አለቃ ናት፤ ቀጭን፣ የመነጽሯ አንድ ክንፍ በፕላስተር የተያያዘ፣ ክፍሉን ከአስተማሪዎቹ ይልቅ ጸጥ የምታሰኝ ልጅ። በየዴስኩ እየዞረች ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አለች፤ አገላበጠች፣ አንዱን ከላይ አውጥታ ከታች ከተተች፣ ዳሩን መታ መታ አድርጋ አስተካከለች። «ጨርሻለሁ ቲቸር፣ ተስተካክሏል» ብላ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። አመሰገንኳት። ምኑ እንደተስተካከለ አልጠየቅኩም።

የትምህርት ቤቱ የምክር መምህርት ታላቅ እህቴ ናት። ፈቃዱን ያገኘሁትም በእሷ በኩል ነው። ክፍሏ ድሮ የኳስና የመረብ ዕቃ ቤት ነበር፤ አሁንም ጥግ ላይ አየራቸው የወጣ ኳሶች በከረጢት ታጭቀው አሉ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ጨርሶ የማይዘጋና በድንጋይ የሚደገፍ በር። ከመምህራን ሻይ ቤት የሚለያት ኮምፔንሳቶ ብቻ ነው፤ አንድ መምህር በዚያ በኩል ስኳሩን ሲያማስል በዚህ በኩል ማንኪያው ይሰማል። እህቴ በዚህች ክፍል ሺህ ስምንት መቶ ልጅ ትመክራለች፤ በዚያ ላይ በሳምንት አሥራ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሥነ ዜጋ ታስተምራለች። መሳቢያዋ ውስጥ ከኪሷ የገዛችው ሶፍት፣ የሴት ልጆች ንጽሕና መጠበቂያ፣ ሳይበሉ ለሚመጡት ደግሞ ብስኩት አለ። ይህን ሁሉ ማንም አላዘዛትም። ወረቀቶቹን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ገና ልቀመጥ ስል ምክትል ርዕሰ መምህሩ ለፊርማ እንደሚፈልገኝ ሰው ላከብኝ፤ እንዲሁ ትቼያቸው ሄድኩ።

ምክትሉ ሦስት ቦታ አስፈረመኝ። ማኅተሙን ትንፋሹን እፍ እያለበት እያተመ «እንግዲህ ውጤቱ ጥሩ ነው አይደል?» አለኝ። ገና እንዳላነበብኩት ነገርኩት። «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አለ፤ ለራሱ የሚነግር ይመስላል። ሻይ ሳልጠጣ እንዳልሄድ አዞኝ ሻይ ቤት ገባሁ። ሁለት መምህራን የፈተና ወረቀት እያረሙ ተቀምጠዋል። ብርጭቆዬን ይዤ ጥግ ላይ እንደተቀመጥኩ የእህቴ ድምፅ በኮምፔንሳቶው አልፎ ጥርት ብሎ መጣ። ስልክ ላይ ናት።

«አዎ ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ከትምህርት ቤት... ኧረ አጥፍታስ አይደለም። እንዲያው ቅር ያላት ነገር አለ መሰለኝ፤ ዛሬ ጽፋዋለች... እሱማ ተስማምተን የጨረስነው ነገር ነው እኮ... ‹ጣቴን አጠፈው› ነው የምትለው... እኔም አላመንኩም ጋሼ፣ እርስዎን አውቅዎታለሁ... ሰኞ? ሰኞ ይመቸኛል። ሦስታችን ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። እሺ፣ በርቱ።»

ከሚያርሙት መምህራን አንዱ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ «ሬዲዮ የጠዋቱን ስርጭት ጨረሰች» አለ። ሌላው በአፍንጫው ሳቀና «ዛሬ ደግሞ የማን ቤት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሻዬን እንደሞላ አስቀምጬ ወጣሁ።

እህቴ መነጽሯን አድርጋ መጠይቆቹን ከፊቷ ዘርግታ፣ በእጇ ቀይ እስክሪብቶ ይዛለች። ከሃያ ዓመት የማስተማር ልማድ የተነሳ እያነበበች የፊደል ስህተታቸውን ታርም ነበር። ምን እያደረገች እንደሆነ ስጠይቃት ቀና አላለችም። «የተጠየቁት ስለ እኔ አይደለም እንዴ? ባየው ምን አለበት?» አለችኝ። እኔ ብቻ እንደማነበው ቃል መግባቴን ነገርኳት። «ታዲያ እኔ ሌላ ሰው ነኝ? ስምም የለበትም።» እውነቷን ነው፤ ስም አልነበረበትም። የሁሉም ወረቀት የቀኝ ጥግ ላይ ግን ቁጥር ተጽፏል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ስልሳ ሁለት ድረስ ይሄዳል፤ አንድም አልተዘለለም። በዚያ ትምህርት ቤት የመዝገብ ቁጥር የሌለበት ወረቀት ዜሮ ነው የሚያገኘው። ልጆቹ ስም አትጻፉ ሲባሉ ስማቸውን ተዉ፤ ቁጥሩን ግን እጃቸው ከእነሱ ሳይማከር ጻፈው። አለቃዋም የፈተና ወረቀት እንደምትሰበስበው በተራ ቁጥር ደርድራ አስረከበችኝ። እኔ የወረቀቶቹን ቁመት እንጂ ጥጋቸውን አላየሁም። የክፍሉ ስም መዝገብ ደግሞ እህቴ ክርን ሥር ተዘርግቷል።

ከላይ ያለው ወረቀት ሠላሳ አንድ ቁጥር ነው። ዘጠነኛው ጥያቄ «ችግርሽን ለምክር ክፍሉ ነግረሽ ታውቂያለሽ? ከዚያስ ምን ሆነ?» ይላል። ከተሰመረው መስመር አልፋ ዳር ዳሩን ሞልታዋለች። «ነግሬ አውቃለሁ። አጎቴ በቻርጀር ገመድ እንደሚመታኝ ነገርኳት። አለቀሰች። አቀፈችኝ። ከዚያ ጠራችው። እሷ ፊት ጉንጬን ሳመኝ፣ እኔም ይቅርታ ጠየቅኩት። ቤት ስንደርስ ጣቴን ወደ ኋላ አጠፈው። ቀለበት የሚደረግበትን። አሁን አይታጠፍም። መምህርቷ ደግ ናት። ግን እባካችሁ ሁለተኛ ወደ ቤት አትደውሉ።» የመጨረሻው አረፍተ ነገር ጫፍ ላይ አራት ነጥብ ጎድሎ ኖሮ እህቴ በቀይ ጨምራበታለች።

«ይህን አንብበሽ ነው የደወልሽው?» አልኳት።

መነጽሯን አወለቀች። ፊቷ ላይ ያየሁት ንዴት አልነበረም፤ ጥፊ የቀመሰ ሰው ፊት ነበር። «ምን ላድርግ ታዲያ? ፖሊስ ልጥራ? አምና አንዷን ልጅ ብዬ ጠርቼ ቤተሰቧ በዚያው ቀን ከነልብሷ አስወጣት፤ ሦስት ቀን እኔ ቤት አደረች፤ ከዚያ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አላውቅም። የዚህችኛዋ ደግሞ እናቷ ገጠር ናት፤ የምታድረው አጎቷ ዘንድ ነው፤ ደብተሯን የሚገዛው እሱ ነው። ሰውዬው ደግሞ ሲመጣ አንገቱን ሰብሮ ነው የሚያናግረኝ። ቢያፈስም ጣሪያ ጣሪያ ነው። አንቺ መጠይቅሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ እኔ ነገም እዚሁ ነኝ።» እንደገና ደውላ ስህተት ነው እንድትለው ጠየቅኋት፤ ስናገረው ለራሴም ሞኝነቱ ታወቀኝ። «ሁለት ጊዜ ከደወልኩማ እውነት ነው ማለት ነው» አለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ሰኞ እንደሚመጣ፣ እስከዚያ አንድ ነገር እንደምናስብ ተስማማን፤ ለሁለት ቀን ያህል ጊዜ ያለን መስሎን።

እህቴ የምትቀመጥበትን ነገረችኝ፤ ያቺው ጠዋት የጠየቀችኝ ልጅ ናት። ላስጠነቅቃት ወደ ክፍሏ ሄድኩ። የሂሳብ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ጀርባውን አየሁ። በመስኮቱ በኩል እሷም ትታየኛለች፤ አገጯን እጅጌዋ ላይ አስደግፋ ትገለብጣለች። በሩን ባንኳኳ፣ በቁጥሯ ባስጠራት፣ ስልሳ አንድ ፊት ይዞራል፤ ማን ምን እንደጻፈ በአንድ አፍታ ይታወቃል። ከምሳ በኋላ ቀስ ብዬ ለብቻዋ እነግራታለሁ አልኩና ተመለስኩ። ያን ጊዜ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።

ምሳ የበላነው እህቴ ቤት ነው፤ ከትምህርት ቤቱ አሥር ደቂቃ ያህል የሚያስኬድ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ቤት። ሩዝ በድንች አሞቀች። ጋዙ ሊያልቅ መሆኑን፣ የዘይት ዋጋ መናሩን፣ የታችኛው ጎረቤት ደረጃው ላይ ብስክሌት ማቆም መጀመሩን ነገረችኝ። እኔም ሁሉንም «እህ» እያልኩ ሰማሁ። ከዚያ ወሬው አለቀ። ማንኪያዎቻችን ሳህኑን ሲነኩ ብቻ ይሰማል። እኔና እህቴ ስንጣላ እንዲህ ነው፤ አንጮህም፣ የምንበላውን እንበላለን። ያደግነው ጩኸት በጠገበ ቤት ነው። ያኔም ጎረቤት እየመጣ አባታችንን ያስታርቅ ነበር፤ አስታራቂዎቹ መርቀው ወጥተው፣ በሩ ተዘግቶ፣ የእግራቸው ኮቴ ከደረጃው እስኪጠፋ የምንጠብቃትን ያቺን ጊዜ ሁለታችንም እናውቃታለን። እሷ ታላቅ ስለሆነች ከእኔ ፊት ትቆም ነበር። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አውርተን አናውቅም፤ ሆድ ይፍጀው ብለን ተውነው። ሳህኑን ስታነሳ ድንገት «እኛም አድገናል» አለች፤ ወደ እኔ ሳታይ፣ ቧንቧውን እየከፈተች። «እትዬ...» ብዬ ጀመርኩ። የውሃውን ድምፅ አበረታችው።

ስንመለስ የከሰዓቱ ደወል ተደውሎ ነበር። በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ሦስት ልጆች ዘና ብለው ተቀምጠዋል። አለቃዋ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «አጎቷ መጥቶ ወሰዳት ቲቸር፣ በምሳ ሰዓት። ለዘበኛው ‹ከምክር ክፍል ደውለውልኝ ነው› አለው፤ ዘበኛው በራሱ እጅ በሩን ከፈተለት። ቦርሳዋን ከክፍል ያወጣሁላት እኔ ነኝ።» ምን አለች ብዬ ጠየቅኋት። «ምንም። ‹በሂሳብ ደብተሬ ተጠቀሚበት፣ አታጥፊብኝ› ብላ ሰጠችኝ።» ደብተሩ ብብቷ ሥር ነበር። መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። «ቲቸር፣ ወረቀቱን በተራ ቁጥር ማስተካከል አልነበረብኝም እንዴ?»

ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ነገርኳት። አላመነችኝም፤ ለምን ትመነኝ። ይህች ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ ከእኔ አፍ የሰማችው ነገር ሁሉ እንዳልሆነ ሆኗል። ዞር ብላ ማንም አለመኖሩን አየችና እጄን ይዛ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ የስልክ ቁጥር ጻፈችልኝ። ልጅቷ ቤቷ የማያውቀው አሮጌ ስልክ አላት፤ በካልሲዋ ውስጥ ነው የምትይዘው። «እንዳትደውይ። ጽሑፍ ብቻ» አለችኝ። የአጎቷ ሱቅ የት እንደሆነም ነገረችኝ።

እህቴን ሱቁ ድረስ አብረን እንሂድ አልኳት። የአራተኛ ክፍለ ጊዜ ትምህርት እንዳላት ነገረችኝ፤ ጠመኔዋን ጨብጣ፣ ከንፈሯ ደርቆ። ጥቂት ሄዳ ተመለሰችና «ሰኞ ነበር ያለኝ፤ ሰምተሽኛል አይደል፣ ሰኞ ነው ያለኝ» አለች። ብቻዬን ሄድኩ።

ሱቁ የአውቶቡስ ማዞሪያው ጋ ነው፤ የስልክ ሽፋን፣ የጆሮ ማዳመጫና ቻርጀር የሚሸጥባት ጠባብ ክፍል። ነጭና ጥቁር ገመዶች በየመጠናቸው ተጠቅልለው ከግድግዳው ተሰቅለዋል። አጎትየው በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ከትምህርት ቤት መምጣቴን ስነግረው ቆሞ ተቀበለኝ፤ የፕላስቲክ ወንበሩን በጨርቅ ጠርጎ «አረፍ በይ እህቴ» አለኝ። መሀል ላይ አንዲት አሮጊት ገብተው የስልኬ ድምፅ ጠፋብኝ አሉት፤ አንድ ነገር ነካክቶ ሠራላቸውና ዋጋ ሲጠይቁት «ለእናቴ ገንዘብ አልቀበልም» ብሎ እስከ በር ሸኛቸው። መርቀውት ሄዱ።

«እናቷ ዘንድ ልኬያታለሁ» አለኝ ተመልሶ ሲቀመጥ። «ትንሽ ትረፍ። ልጅ መካሪ ሲበዛበት ግራ ይገባዋል።» በምን ተሳፍራ፣ በስንት ሰዓት እንደሄደች ጠየቅኩት። «ሄዳለች» አለ። መቼ ትመለሳለች አልኩት። «ትምህርት የት ይሄዳል።» ሁሉንም በፈገግታ ነበር የሚመልስልኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ሳይለውጥ፣ «ያን የጻፈችውን ወረቀት ይዘሽዋል?» አለኝ። ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ስልሳ ሁለቱም ወረቀቶች ውስጡ ናቸው። «የለኝም» አልኩት። ቦርሳዬን አየ፣ እኔን አየ። «ግድ የለም። የምክር መምህርቷ ደህና ሴት ናቸው፤ እሳቸው ይነግሩኛል» አለ። ስወጣ እንደ አሮጊቷ ሁሉ እኔንም እስከ በሩ ሸኘኝ።

ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የተረኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው መኮንን የልጅቷን ሙሉ ስም ጠየቀኝ፤ የማውቀው ቁጥሯን ነበር። ስሟን ከአለቃዋ እንኳ አልጠየቅኩም። ምን ሆኜ ነው ያልጠየቅኩት? ዝምድናዬን ጠየቀኝ፤ የለኝም። ተጎዳች የምልበትን ማስረጃ ጠየቀኝ። እጄን ወደ ቦርሳዬ ሰደድኩና መለስኩት። ወረቀቱን ባወጣ ከእኔና ከእህቴ ቀጥሎ ሦስተኛ አንባቢ ሊሆን ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ አጎትየው ተጠርቶ ይጠየቃል። ባላወጣው ደግሞ ባዶ እጄን ነው የምመለሰው። «አስቢበትና ቤተሰብ ይዘሽ ነይ» አለኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ባዶ እጄን ተመለስኩ። ትክክል ማድረጌን በዚያው ደረጃ ላይ ተጠራጠርኩ፤ አሁንም እጠራጠራለሁ።

አውቶቡስ ስጠብቅ የቀሩትን ወረቀቶች አወጣሁ። አንዱ «ችግሬን የምነግረው ለድመታችን ነው፤ ድመታችን ስብሰባ አትሄድም» ብሏል። አንዷ «ምክር ክፍሉን ዝጉት አልልም፤ መጀመሪያ የሚዘጋ በር ስጡት» ብላለች። ያ የጣሪያው ጎረምሳ ሁለቱን መስመር በአንድ ቃል ብቻ ጨርሷቸዋል፤ «ይንጠባጠባል»። አርባ ሰባት ቁጥር «ሬዲዮን ልናማት አይደለም፤ ስናለቅስ አብራን ታለቅሳለች። ግን ያለቀስንበትን ነገር ለሁሉም ትነግረዋለች» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «አመሰግናለሁ» የሚል የእህቴ የእጅ ጽሑፍ አለ። እዚያ ጋ ስትደርስ ምን እንደተሰማት አላውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እሷ ግን የራሷን ወሬ አንብባ አመስግናለች፣ ከዚያ ስልኩን አንስታለች።

ፀሐይ ከሕንጻዎቹ ኋላ ስትወርድ መዳፌ ላይ ያለው ቁጥር በላብ መደብዘዝ ጀምሮ ነበር። ስልኬ ላይ መዘገብኩትና መጻፍ ጀመርኩ። በመጀመሪያ ረጅም ይቅርታ ጻፍኩ፤ አጠፋሁት። የልጆችን መብት የሚያስከብር ክፍል ስልክ ቁጥር ጻፍኩ፤ ከፖሊስ ጣቢያው ስወጣ ሞክሬው የማይነሳ መሆኑ ትዝ ሲለኝ እሱንም አጠፋሁት። ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ። በመጨረሻ የላክሁት ይህን ነው፦

«ጠዋት ወረቀት ያመጣሁላችሁ ነኝ። ስህተቱ የእኔ ነው። ወረቀትሽ እኔ ጋ ነው፣ ለማንም አልሰጥም። የት እንዳለሽ ብቻ ጻፊልኝ። ማንም ወደ ቤት አይደውልም።»

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ልሰርዛት ሁለት ጊዜ ጣቴን አስጠግቼ ነበር። ከጽሑፉ ሥር አንዲት ትንሽ ምልክት ወጣች። ደርሷል አትልም፤ ተልኳል ብቻ ነው የምትለው። ይኸው ሦስተኛ ወሯ ነው፤ ያቺው አንዲት ምልክት ናት።